ትሩ አርኤምኤስ ቴስተር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ቴስተር ስገዛ የሱቁ ልጅ ያወራልኝ ስለ ስክሪኑ መብራት ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ፊቱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «ትሩ አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ የሞገዱ ቅርጽ ምንም ይሁን ትክክለኛውን ቮልቴጅ ያሳያል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ ከመሣሪያ ቦርሳዬ አይለይም። ዋጋው ከተራው ቴስተር ከበድ ይላል። ያዋጣል ወይ?

የግድግዳ ሶኬት ብቻ ለሚለካ ሰው አያዋጣም። ከድሮው ቴስተሬ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ሳስተያያቸው ልዩነታቸው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤታችን የሚገባው ኤሲ (አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ) በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ቮልቴጁ እስከ 311 ይወጣል፣ ዜሮን ያልፋል፣ በተቃራኒው እስከ 311 ይወርዳል። ዝም ብለን አማካዩን ብንወስድ ዜሮ ይመጣል፤ ምጣዱ ግን ይግላል። ስለዚህ የየቅጽበቱ ቮልቴጅ በራሱ ይባዛል፣ የውጤቶቹ አማካይ ይወሰዳል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወጣል። አርኤምኤስ የሚባለው ይህ ነው፤ 220 የምንለውም ያንን ቁጥር ነው። የምጣዱን ሽቦ 220 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ላይ ብናገናኘውም ያንኑ ሙቀት ይሰጣል።

ተራው ቴስተር ይህን ሁሉ አይደክምም። የሞገዱን የታች ግማሽ ወደ ላይ ገልብጦ አማካዩን ይለካል፣ በ1.11 አባዝቶ ያሳየናል። ሞገዱ ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም ለስላሳ ጥምዝ ከሆነ መልሱ ልክ ነው። ካልሆነ ይዋሻል።

ውሸቱን ኢንቨርተር (የባትሪን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይር ዕቃ) ላይ ታገኙታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ከምናስነሳቸው ርካሽ ኢንቨርተሮች ብዙዎቹ ሞዲፋይድ ሳይን የሚባሉት ናቸው። ሞገዳቸው አይጠማዘዝም፤ ደረጃ ሠርቶ ይዘላል፣ መሃል ላይ ዜሮ ላይ ትንሽ ያርፋል። አንድ ደንበኛ «ቮልት አነሰው ተብያለሁ» ብሎ እንዲህ ያለ ኢንቨርተር ይዞልኝ መጣ። በድሮው ቴስተር ስለካው እውነትም 170ዎቹ ውስጥ ነው። በአዲሱ 220። ኢንቨርተሩ ደህና ነበር! የሞገዱ ጫፍ 311 ሆኖ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ ቢያርፍ፣ ትክክለኛው 220 ሲሆን ተራው ቴስተር የሚያሳየው 173 ገደማ ነው። አሁን አንድ ሰው ያንን ቴስተር አምኖ፣ 220 እስኪያነብ ድረስ ጫፉን ከፍ ቢያደርገውስ? እውነተኛው ቮልቴጅ ወደ 280 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን ሲቃጠል የሚረገመው የቻይና ዕቃ ነው።

ለእኔ ዋጋውን የመለሰው ይሄ ነው።

እንከኖቹም አሉ። ኤሲ ላይ አድርጌ ሁለቱን ገመዶች ሳነካካ ዜሮ ላይ አይቆምም፤ ጥቂት ዲጂት ይቀራል። የዚህ ዓይነት ቴስተሮች ጠባይ ስለሆነ ብልሽት አይደለም፤ ግን ዓይን ይበላል። ቁጥሩ እስኪረጋም ከተራው ይዘገያል።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ኤሲ ላይ ሲሆን ዲሲውን ቆርጦ ይጥላል። አንዳንድ ፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ሲሆን በአንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ግማሹን ሞገድ ያስቀራል፤ የሚያልፈው ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ዲሲም አለበት። የቀረው ሙሉ አርኤምኤስ 155 ቮልት አካባቢ ነው፤ ቴስተሬ ግን ኤሲ ላይ 120 ብቻ ያነባል። ትክክለኛውን ለማግኘት ዲሲውንም ለብቻ መለካት አለብኝ፤ 99 ገደማ ይመጣል። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቼ፣ ደምሬ፣ ስኩዌር ሩት ሳወጣ 155 ላይ እደርሳለሁ። ኤሲና ዲሲን አንድ ላይ የሚለኩ ቴስተሮች አሉ፤ ኪስ ከፈቀደ እነሱን ውሰዱ።

የቤት መስመር ብቻ የምትዘረጉ ከሆነ ተራው ይበቃችኋል፤ የተረፈውን ብር ጥሩ ገመድና ካት 3 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ያለው ዕቃ ላይ አውሉት። ኢንቨርተር፣ ሶላር ወይም ዲመር (የአምፖል ብርሃን መቀነሻ) የምትነኩ ከሆነ ግን ያለ ትሩ አርኤምኤስ አትጀምሩ።