ሶው፦ አንደኛው ይሻላል ወይስ ሰባተኛው?

ደብረ ማርቆስ ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም ልታስጭኑ ስትሄዱ "ሶው ሙሉውን ልጫንልህ?" ይሏችኋል (ሶው ተከታታይ የሆረር ፊልም ነው)፣ እኔ ግን መጀመሪያ የ2004ቱን አንደኛውንና የ2010ሩን ሰባተኛውን (በፈረንጅ ነው) ጎን ለጎን እዩና ፍረዱ ባይ ነኝ።

አንደኛው በ1.2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው የተሰራው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ዶክተር ነው፣ የቆሸሸ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ይነቃሉ፣ መጋዝ ያገኛሉ፣ መጋዙ ሰንሰለቱን አይቆርጥም፣ ታዲያ ለምን እንደተሰጣቸው ዶክተሩ ሲገባው ፊቱን ማየት ነው እንጂ! ደሙን ብዙም አያሳያችሁም፣ ጩኸቱንና ላቡን ነው የሚያሳያችሁ፣ የቀረውን ጭንቅላታችሁ ይሞላዋል፣ ለኔ ሆረር ማለት ይሄ ነው።

ሰባተኛው በጠራራ ፀሐይ ሰዎች መስታወት ውስጥ ታስረው ህዝቡ ከውጪ ቆሞ ሲያይ ይጀምራል፣ ሀሳቡ አሪፍ ነበር ግን ወዲያው ይረሳል። 3ዲ ስለሆነ ነገር ሁሉ ወደ ተመልካቹ ይወረወራል፣ እኛ በላፕቶፕ ለምናየው ምን ይፈይዳል? ደሙ ራሱ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የአንደኛው ዶክተር መመለሱ ብቻ ደስ ይላል።

የተበላሸው ግን እዛ ጋር አይደለም፣ ጂግሶው (ሰዎችን ወጥመድ ውስጥ እያስገባ የሕይወትን ዋጋ አስተምራለሁ የሚለው ገዳይ) በሦስተኛው ሞቷል እኮ! እነሱ ግን በየዓመቱ አንድ ማውጣት ስላለባቸው በፍላሽባክ ላይ ፍላሽባክ እየከመሩ እየተኩት ሄዱ፣ ተተኪዎቹ ደግሞ የሱ አይነት አቋም የላቸውም፣ ዝም ብለው ይገድላሉ።

ስለዚህ አንደኛው፣ ያለምንም ጥርጥር። ካለቀባችሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እዩና ቀጥታ ወደ 2023ቱ አስረኛው ዝለሉ፣ ታሪኩ በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል ስለሆነ ጂግሶውን የሚጫወተው ቶቢን ቤል በደንብ አለበት።