የመሪዬን መንቀጥቀጥ ምክንያት በሥርዓት ፈልገው ላገኙልኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የመኪናዬ መሪ በድንገት መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ አንድም ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት መንስኤውን ለይተው ያወቁልኝን መካኒክ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ ቢፈልግ እንደሚጠቅመው ለመጠቆም ነው። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስለማይፈልጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ አልጠቀስሁትም።

መንቀጥቀጡ የጀመረው አስፋልት ላይ ከነበረ ጉድጓድ ጋር በኃይል ከተጋጨሁ በኋላ ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ እምብዛም አይሰማም፤ ወደ 100 ሲጠጋ ግን መሪው በእጄ ውስጥ ይርገበገባል፤ ከዚያ ትንሽ ካለፍኩ ደግሞ ጋብ ይላል። አስቀድሜ ያሳየሁት ሌላ ጋራዥ መኪናውን ሳይነዳና ጎማውን ከመሬት ሳያነሳ የመሪ ዘንጎቹ ጫፎችና ሁለቱ የፊት ሾክ አብዞርበሮች መቀየር አለባቸው ብሎኝ ነበር።

እኚህ መካኒክ ግን ሥራቸውን የጀመሩት በመጠየቅ ነው። «መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲይዙ ነው ወይስ ሳይነኩትም? ነዳጅ ሲሰጡ ይብሳል? ወንበሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል? ብዙ ከነዱ በኋላ ወደ አንድ ጎን የመሳብ ወይም የመቃጠል ሽታ አለ?» እያሉ በትዕግሥት ጠየቁኝ። ለምን እንደሚጠይቁም አስረዱኝ፤ ይህንን ማስረዳታቸውን ከጥገናው እኩል አመሰግናቸዋለሁ። መንቀጥቀጡ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው በፍሬን ዲስኩ ላይ ያርፋል፤ የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ፣ ልዩነቱ በዓይን የማይታይ የሚሊ ሜትር መቶኛዎች ብቻ ቢሆንም እንኳ መሪው ድረስ ይሰማል። ነዳጅ ሲሰጥ ብሶ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያ ይመረመራል። ከብዙ ጉዞ በኋላ የሚጀምርና መኪናውን ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተጣብቆ ሸራውን ከዲስኩ ላይ ሳያላቅቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በተወሰነ የፍጥነት ክልል ብቻ የሚመጣ፣ ፍሬንም ነዳጅም የማይለውጠው መንቀጥቀጥ ግን በአብዛኛው ከጎማና ከቸርኬ ነው። መሪው ከወንበሩ ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት ጎማዎች፣ ወንበሩና ወለሉ ይበልጥ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ የኋላዎቹ ቀድመው ይጠረጠራሉ።

መኪናውን ነድተው ከመሞከራቸው በፊት የአራቱንም ጎማ ብሎኖች መጥበቃቸውን አረጋገጡ። ድንገተኛ መንቀጥቀጥ በላላ ብሎን ምክንያት ሊመጣ ስለሚችልና በዚህ ሁኔታ መንዳት ጎማ እስከ መውለቅ ስለሚያደርስ፣ ችግሩ መንገድ ላይ የሚጀምርበት ማንም ሰው ፍጥነቱን ቀስ አድርጎ ቀንሶ፣ አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ ብሎኖቹንና የጎማዎቹን ጎን ማየት እንዳለበት አበክረው ነገሩኝ።

ከሙከራው በኋላ መኪናውን አንስተው እያንዳንዱን የፊት ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙ፤ ከዚያም ከግራና ከቀኝ። በመጀመሪያው አያያዝ ክፍተት ቢሰማ ኩሽኔታው ወይም የእግሩ የኳስ መጋጠሚያ፣ በሁለተኛው ቢሰማ የመሪ ዘንጎቹ ጫፎች ያረጁ ናቸው ማለት ነው። በእኔ መኪና በሁለቱም አያያዝ ምንም ክፍተት አልነበረም። በዚህ ቀላል ምርመራ ብቻ፣ እንድቀይራቸው ተነግሮኝ የነበሩት የመሪ ዘንግ ጫፎች ጤነኛ መሆናቸው ታወቀ፤ ሾክ አብዞርበሮቹም ሲታዩ ዘይት አላፈሰሱም፣ መኪናውንም ተጭነው ሲለቁት ሳይወዛወዝ ወዲያው ይረጋ ነበር።

መንስኤው የተገኘው በቀኙ የፊት ጎማ ላይ ነው። በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ለባላንስ ከተለጠፉት ክብደቶች አንዱ ወድቆ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ቀርቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ግልጽ አደረጉልኝ፦ አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚያስተካክል ሥራ ሲሆን፣ ሲዛባ መኪናው ወደ ጎን ይሳባል ወይም ጎማው ባልተስተካከለ ሁኔታ ያልቃል፤ ባላንስ ግን የሚሽከረከረውን ጎማ ክብደት ዙሪያውን እኩል የማድረግ ሥራ ነው፤ የመሪ መንቀጥቀጥም በአብዛኛው የሚያያዘው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 50 ግራም ያህል ልዩነት ቢኖር፣ በመካከለኛ መኪና ጎማ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 8 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደትን የሚያህል ኃይል ይፈጥራል፤ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ስለሚዞርም ያ ኃይል በእያንዳንዱ ዙር ይመታል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መንቀጥቀጡ በከተማ ውስጥ ያልተሰማኝም ለዚህ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ክብደት ለጥፎ ሊያሰናብተኝ ይችል ነበር፤ በባላንስ ማሽኑም ቁጥሩ ዜሮ በሆነ ነበር። እሳቸው ግን ጉድጓዱን እንደመታሁ ስለነገርኳቸው በዚያ አልተወሰኑም። ጎማውን በዝግታ እያዞሩ፣ በአጠገቡ የማይንቀሳቀስ ነገር ደግፈው፣ በጥርሱና በነገሩ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጥ እንደሆነ ተመለከቱ። በአንድ ቦታ ላይ የጎማው ገጽ ከሌላው ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚያው አቅጣጫ በውስጠኛው ጎን ከውጭ ሲታይ የማይገኝ እብጠት ነበረ። በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ሲበጠሱ እንዲህ ያለ እብጠት እንደሚፈጠር፣ ይህንንም ባላንስ ማድረግ ቢሸፍነው እንኳ እንደማያድነው፣ እንዲህ ያለ ጎማ በፍጥነት ጉዞ ላይ ሊፈነዳ እንደሚችል ነገሩኝ። በግሌ ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚህች ተጨማሪ ምርመራ ነው። ማሽኑ ባሳየኝ ዜሮ ተማምኜ ረጅም መንገድ ብጀምር ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ማሰብ አይከብድም።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች መንገዱን እኩል እንዲይዙ በአንድነት ተቀየሩ። ከመግጠማቸው በፊት ቸርኬው የሚያርፍበትን የሞዞውን ፊት ከዝገትና ከጭቃ አጸዱ፤ በመካከል የሚቀር ቆሻሻ ቸርኬውን አጣሞ እንደሚያስቀምጠውና መንቀጥቀጡን መልሶ እንደሚያመጣው ብዙ ጎሚስታዎች ይዘነጉታል። ብሎኖቹንም ተራ በተራ በዙሪያው ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ፣ ኃይል በሚለካ መፍቻ አጠበቁ። ከዚያም እኔን አስቀምጠው ራሳቸው ነድተው መሪው በ100 ኪሎ ሜትርም ጸጥ ማለቱን አሳዩኝ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ብሎኖቹ ዳግም እንዲፈተሹ ተመልሼ እንድመጣም ነገሩኝ፤ ስመለስም ለዚያ ምንም ክፍያ አልጠየቁኝም።

የተቀየረውን ጎማ ቆርጠው የተበጠሰውን ክር ያሳዩኝን፣ ያልተበላሸውን ዕቃ አልተበላሸም ብለው የተውልኝን እኚህን ባለሙያ ከልብ አመሰግናለሁ። የመሪ መንቀጥቀጥ የገጠማችሁ ሁሉ ከመፍቻው በፊት መቼና እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ የሚጠይቃችሁን፣ ነድቶ የሚሞክረውን፣ ያገኘውንም በዓይናችሁ የሚያሳያችሁን ሰው ፈልጉ። የእኚህን መካኒክ አድራሻ የሚፈልግም በግል ቢጠይቀኝ እሳቸውን አስፈቅጄ በደስታ እሰጣለሁ።