ከክዳን እስከ ፒያሳ፦ በሐዋሳ የተከታተልኩት የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት

በሐዋሳ ፒያሳ አቅራቢያ በሳምንት ሦስት ምሽት የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ለሁለት ወራት ተከታትያለሁ። መምህሩ ቃልን ከነፍቺው ከማሸምደድ ይልቅ ከሥሩ ጀምረው ማስረዳታቸው ክፍያው የሚገባው መሆኑን አሳምኖኛል።

ትምህርቱን ስጀምር «ሪፕሌስ» ማለት «ተካ» ብቻ ይመስለኝ ነበር። በልጄ የሳል ሽሮፕ ላይ «ሪፕሌስ ዘ ካፕ» የሚል መመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ክዳኑን በሌላ ክዳን ቀይሩ የተባለ መስሎኝ ግራ ስለገባኝ፣ ጠርሙሱን ይዤ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ክዳኑን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ወዲያው መልሰው ገጠሙትና «ሪፕሌስ ማለት ይኸው ነው» አሉን። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ወደ ቦታው መለሰ» ማለት እንደነበረና «ተካ» የሚለው ፍቺ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደመጣ፣ ሁለቱም ዛሬ ጎን ለጎን እንደሚሠራባቸው የገባኝ በዚያች ክዳን ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ግን በ«ሪፕሌስ» ውስጥ ያለው «ፕሌስ» (ቦታ) የተባለውን ቃል የዘር ሐረግ የተረኩበትን ምሽት ነው። ቃሉ ሰፊ መንገድ ከሚል የግሪክ ቃል ተነሥቶ በላቲን «ፕላቴያ» ሆነ፤ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ለእንግሊዞች «ፕሌስ» ሲሆን፣ ጣልያኖች ደግሞ ከዚያው ሥር ዛሬ ባጃጅ ስንሳፈር የምንጠራውን «ፒያሳ» አወጡ። በየቀኑ በአፋችን የነበረው የሰፈር ስም የ«ሪፕሌስ» ዘመድ መሆኑን ስሰማ ከልቤ ተደሰትኩ።

የምነቅፈው «ሰብስቲትዩት» የተባለው ሌላው «ተካ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል በጥድፊያ መታለፉን ነው። ከላቲን «በሥር አቆመ» ከሚል ቃል እንደመጣ ተነገረን እንጂ ተማሪን የሚያሳስተው አጠቃቀሙ በቂ መልመጃ አላገኘም። በአማርኛ «ስንዴውን በጤፍ ተካሁ» ስንል «ን» ወጪውን፣ «በ» ገቢውን ስለሚያመለክቱ የቃላቱ ቅደም ተከተል ቢለወጥም ትርጉሙ አይፋለስም። በእንግሊዝኛ ግን «ሪፕሌስ» ስንል ስንዴው ቀድሞ «ዊዝ» ጤፍ ይከተላል፤ «ሰብስቲትዩት» ስንል ደግሞ ጤፉ ቀድሞ «ፎር» ስንዴ ይከተላል። የምግብ አሠራር ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ይህን ካላስተዋለ የሚወጣውን አስገብቶ የሚገባውን ያስወጣል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ሰሌዳው በስልክ ብርሃን ይነበባል። መምህሩ ግን ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ስለሚገኙ፣ ያስቸገረው ቃል ያለው ሰው ቀደም ብሎ ቢሄድ ጊዜ ሰጥተው ያስረዱታል።