የኬቲ ዊልሰን የምርጫ ሐሳቦች ግምገማ፦ ኪራዩ ላይ ጎበዝ፣ ባሕሩ ላይ ዝምተኛ

ሲያትል ውስጥ የምትደግፉትን እጩ ከተማው በሚልክላችሁ ገንዘብ መርዳት ትችላላችሁ። በምርጫ ዓመት መጀመሪያ ላይ አራት ወረቀት በፖስታ ይመጣል። እያንዳንዱ 25 ዶላር ነው፣ ዲሞክራሲ ቫውቸር ይሉታል። ኪስ አይገባም፣ ዕቃ አይገዛም፣ ለእጩ ብቻ ነው የሚሰጠው። መምረጥ የማይችል ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንኳን ይደርሰዋል። ለመራጭነት የተመዘገበ ሰው ቤቱ ድረስ ይላክለታል፣ ያልተመዘገበው ግን ማመልከት አለበት። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።

እኔ በ2025 የከንቲባ ምርጫ አራቱንም ለኬቲ ዊልሰን ሰጠሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ማን ለማን እንደሰጠ ስሙ በይፋ ስለሚወጣ መደበቅ አይቻልም፣ ቡና ላይ ተጠይቄበታለሁ። ስለዚህ ይህን እንደ ደንበኛ ግምገማ አንብቡልኝ። ሴትዮዋ አሁን ከንቲባ ናት። የምገመግመው ግን የከንቲባነት ሥራዋን አይደለም፣ እጩ ሳለች የሸጠችልንን ሐሳብ ነው።

ሥራዬ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ደንበኞቼ ሬኒየር ጎዳና እና ቼሪ አካባቢ ያሉ ትናንሽ ምግብ ቤቶች፣ ጥቂት ግሮሰሪዎች፣ ደግሞም ከወደቡ ኮንቴይነር የሚጎትቱ ባለ ከባድ መኪናዎች ናቸው። ፖለቲካ የማየው በደረሰኝ በኩል ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ ትንሽ ልበል። ዊልሰን ከዚህ ምርጫ በፊት በምርጫ ሥልጣን ይዛ አታውቅም። በ2011 ትራንዚት ራይደርስ ዩኒየን የሚባለውን የሕዝብ ትራንስፖርት ተሳፋሪዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ናት። እጩ ሳለች ካፒቶል ሂል ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይታ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖር ነበር፣ መኪና አልነበራትም። በዘመቻው መጨረሻ ላይ ወላጆቿ ለልጇ መዋያ ገንዘብ እንደሚልኩላት ወጣና ትልቅ ወሬ ሆነ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። አያት ለልጅ ልጅ መክፈሉ እኛ ቤት ዜና ነው እንዴ? ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነበር። ትንሽ ድርጅት ስትመራ የነበረች ሰው በዓመት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያለውን ከተማ ልትረከብ ነው። ይህንን ጥያቄ ያነሱ ሰዎች ትክክል ነበሩ።

ወደ ሐሳቦቿ ልግባ። ጠንካራው ጎኗ ኪራይና ቤት ነው። እንዲያውም ወደ ውድድሩ የገባችው በዚሁ ጉዳይ ነው። በየካቲት 2025 የሲያትል ሕዝብ ለማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶች (በሕዝብ ባለቤትነት ለሚያዙ የኪራይ ቤቶች) ገንዘብ የሚገኝበትን ግብር አጸደቀ። ሠራተኛው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈለው ከሆነ፣ ከሚሊዮኑ በላይ ባለው ላይ አሠሪው 5 በመቶ ይከፍላል። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ብሩስ ሃረል የደገፉት ሌላኛውን አማራጭ ነበር፣ አዲስ ግብር የሌለበትን። ሕዝቡ በሰፊ ልዩነት እምቢ አላቸው። ዊልሰን ያንን ውጤት አይታ ነው ልወዳደር ያለችው። ግብር ስትነድፍም የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ2020 ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ የተጣለው ጃምፕስታርት የሚባለው ግብር ሲረቀቅ እጇ ነበረበት። ስለዚህ "ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ስትባል ቢያንስ መልስ አላት። መልሱን መውደድና አለመውደድ ሌላ ነው።

ጎዳና ላይ ላሉት ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ 4,000 አዲስ የአስቸኳይ መጠለያ ክፍሎች ቃል ገብታለች። በዓመት 1,000 ማለት ነው። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ጎኑ ላይ ግን ዋጋው በግልጽ አልተጻፈም። በ2024 በተደረገው ቆጠራ ሲያትል ባለችበት አውራጃ በኪንግ ካውንቲ ቤት የሌላቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ ነበሩ። ሃረልም በ2021 ሲወዳደሩ በመጀመሪያ ዓመታቸው ብዙ መጠለያ እንከፍታለን ብለው ነበር፣ ከዚያ የሆነውን አይተናል። ደንበኛዬ ዋጋ ያልተጻፈበት ፕሮፎርማ ቢያመጣልኝ "ሂድና አስሞልተህ ና" ነው የምለው። እሷንም እንደዚያው።

አሁን እኔ የምኖርበት ጉዳይ ላይ ልቆይ፣ ትናንሽ ንግዶች ላይ።

ከተማው ከንግድ ቤት የሚወስደው ግብር የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ ነው። ኪሳራ ላይ ያለ ምግብ ቤትም ይከፍላል። ይህን ለአዲስ ደንበኛ ሳስረዳ ፊቱ ላይ የማየውን ነገር መግለጽ አልችልም። በዓመት 800,000 ዶላር የሚሸጥ ምግብ ቤት እንውሰድ። በአሮጌው ስሌት 0.222 በመቶ ነበር፣ 1,776 ዶላር ይሆናል። በኅዳር 2025 ምርጫ የጸደቀው ለውጥ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ያለውን ከዚህ ነጻ አወጣው፣ ክብደቱን ወደ ትልልቆቹ አዛወረው። ዊልሰን ደግፋዋለች። ግን ሐቁን እንናገር ከተባለ ሐሳቡን ያመጡት ተቀናቃኟ ሃረል ከምክር ቤት አባሏ አሌክሲስ መርሴዲስ ሪንክ ጋር ሆነው ነው። እንግዲህ ምስጋናውን ለባለቤቱ።

በሌላው እጅ ያለውን ደግሞ እንይ። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ትናንሽ አሠሪዎች የአስተናጋጁን ጉርሻ ከደመወዙ ጋር ቆጥረው በሰዓት 17.25 ዶላር መክፈል ይችሉ ነበር። ጥር 2025 ሲገባ ያ አበቃና በአንድ ሌሊት 20.76 ሆነ። ልዩነቱ 3.51 ነው። ሙሉ ሰዓት የሚሠራ አንድ አስተናጋጅ በዓመት 2,080 ሰዓት ይሠራል፣ ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ከ7,300 ዶላር በላይ ተጨመረ። ያ ሁሉ የተባለለት የግብር ቅናሽ የአንዱን አስተናጋጅ ጭማሪ ሩብ እንኳን አይሸፍንም። 2026 ሲገባ ደግሞ ክፍያው 21.30 ደረሰ።

ይህን የምለው የሰዓት ክፍያው መጨመሩን ጠልቼ አይደለም። አስተናጋጇም የእኛው ልጅ ናት፣ ኪራይ አለባት፣ አገር ቤት የምትልክለት ሰው አለ። ዊልሰን በጎረቤታችን ተክዊላ በ2022 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከፍ እንዲል የተደረገውን ዘመቻ መርታለች፣ በዚያ ሰፈር የሚሠሩ ስንት ወገኖቻችን ተጠቅመዋል። ግን አንዲት ደንበኛዬ መዝገቡን እያገላበጠች "ለሠራተኛዬም ለእኔም የምታዝን ሰው የለችም ወይ?" አለችኝ። የዊልሰን ሐሳቦች ለሠራተኛዋ በቂ መልስ አላቸው። ለባለቤቷ ያላቸው ግማሽ መልስ ነው። ባለሱቁ ራሱ በሱቁ ኪራይ ወገቡ መቆረጡን በደንብ ያየችው አልመሰለኝም።

አውቶቡስ ላይ ግን አንጀቴን አርሳዋለች። ርዕሱን ታውቀዋለች፣ ይታወቃልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች በ1 ዶላር የሚሄዱበት ኦርካ ሊፍት በ2015 ሲጀመር እሷና ጓደኞቿ ሲጮሁለት ከነበሩት ውስጥ ነበሩ። ያ ካርድ ምን እንደሆነ የሚገባችሁ የሙሉው ዋጋ መስከረም 2025 ላይ 3 ዶላር መድረሱን ስታዩ ነው። ዴኒ መንገድ ላይ ለቁጥር 8 አውቶቡስ የራሱ መስመር እንዲሰጠው ደግፋለች። እዚያ መንገድ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት የቆመ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል፣ በእግር የሚሄደው ሰው አውቶቡሱን ጥሎት ያልፋል።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፣ የግምገማዬም ዋና ነገር ይኸው ነው። የከንቲባ እጩ የሚያቀርበው ሜኑ ላይ ካለው ምግብ ግማሹ የሚበስለው ጎረቤት ኩሽና ውስጥ ነው። አውቶቡሱ የካውንቲው ነው። ባቡሩ ሳውንድ ትራንዚት የሚባለው የአካባቢው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ከንቲባዋ እዚያ ቦርድ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያላት። የከተማው የሆነው መንገዱ ነው። ስለዚህ የአውቶቡስ መስመር መቀባት ትችላለች፣ ሾፌር መቅጠር አትችልም። ከተማው ከካውንቲው ተጨማሪ የአገልግሎት ሰዓት የሚገዛበት ገንዘብ አለው፣ በ2020 ሕዝብ ያጸደቀው 0.15 በመቶ የሽያጭ ግብር። እሱም 2027 ላይ ያበቃል። እጩ ስትሆን "ተጨማሪ አውቶቡስ" ማለት ቀላል ነው። ፈተናው ያንን ግብር ማሳደስ ነው፣ የሽያጭ ግብር ደግሞ ድሃው ከሀብታሙ እኩል የሚከፍለው ነው።

አሁን ባሕሩ። ሲያትል የባሕር ከተማ ናት እያልን በዘመቻው ሁሉ ስለ ባሕሩ ጎልቶ የሰማሁት ነገር የለም። በክርክሮቹ ላይ ከኪራይና ከጎዳና ድንኳን የተረፈ ጊዜ አልነበረም። ሃረልም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም።

ለባሕሩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ዳውንታውን ወርዳችሁ ኤሊየት ቤይ ዳር ሂዱ። በ2001 የመሬት መንቀጥቀጡ አሮጌውን የባሕር ግንብና ከአጠገቡ የነበረውን ድልድይ መንገድ አናጋቸው። በ2012 ሕዝቡ ግንቡ እንዲታደስ 290 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ድልድይ መንገዱ በ2019 ተዘግቶ ፈረሰ፣ መኪናው ዋሻ ውስጥ ገባ። በ2024 ደግሞ ከፓይክ ፕሌስ ገበያ እስከ ውሃው የሚያወርደው መንገድ ተከፈተ። የእግረኛው መንገድ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። እግራችሁ ሥር የመስታወት ጡቦች አሉ። ለጌጥ አይደሉም። ትንንሽ የሳልመን ጫጩቶች በግንቡ ጥግ ሲያልፉ ጨለማ ስለሚፈሩ ብርሃን እንዲገባላቸው ነው። እንግዲህ ለዓሣ ጫጩት መብራት ያሰበ ከተማ ነው ይሄ።

ከዚያ መኪና ይዛችሁ ደቡብ ወደ ሳውዝ ፓርክ ውረዱ። ዱዋሚሽ ወንዝ ዳር ነው። በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ የባሕሩ ሙላት ከዝናቡ ጋር ተገናኘና ወንዙ ሰፈሩ ውስጥ ገባ፣ ሰዎች ምድር ቤታቸውን አጡ። ያ ወንዝ ከ2001 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የተበከለ ተብሎ የተመዘገበ ነው፣ የገባው ውሃ ንጹሕ የባሕር ውሃ አልነበረም። እዚያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ስደተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው፣ ማለትም ዊልሰን ቆሜላቸዋለሁ የምትላቸው ዓይነት ሰዎች። ከቦዩና ከአሸዋ ጆንያው ጀምሮ ሥራው የከተማው ነው። የጎረቤት ኩሽና አይደለም። ይህ ርዕስ ለእሷ የተሠራ ነበር፣ አለፈችው።

ወደቡም እንዲሁ። ኮንቴይነር ከሚጎትቱት ሾፌሮች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ የሩብ ዓመት ደረሰኛቸውን ሲያስረክቡኝ "ስለ ወደቡ ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ። ወደቡ የራሱ አምስት የተመረጡ ኮሚሽነሮች አሉት፣ ፌሪውም የስቴቱ ነው፣ እሷን አይመለከትም አልኳቸው። "መንገዱስ?" አሉኝ። መንገዱ ይመለከታታል። ከወደቡ እስከ አውራ ጎዳናው ያለው የተቆፋፈረው አስፋልት የከተማው ነው። በመጋቢት 2025 ምክር ቤቱ ስታዲየሞቹ አጠገብ መኖሪያ ቤት እንዲሠራ ሲፈቅድ ወደቡና የመርከብ ጫኞቹ ማኅበር የተቃወሙት ከባድ መኪናው በየት ይለፍ ብለው ነው። ቤት የምትፈልግ ከተማና ወደብ የሚያበላት ከተማ አንድ ናት። ጋሼን የሚያረካ መልስ የምርጫ ሰነዷ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ፖሊስን በአጭሩ ልለፈው። በ2020 የፖሊስ በጀት ይቀነስ ከሚሉት ጋር ነበረች፣ በ2025 አልቀንስም አለች። ከፖሊስ ይልቅ የአእምሮ ጤና ሠራተኛ የሚላክበት ቡድን እንዲሰፋ ትፈልጋለች። ቡድኑ የተጀመረው በሃረል ጊዜ ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በምርጫው ማታ ከኋላ ነበረች። ዘግይቶ የመጣው ድምፅ ሲቆጠር ቀስ በቀስ ደረሰችና ወደ 2,000 በሚጠጋ ልዩነት አለፈች። ሲያትል ከ2005 ወዲህ ከንቲባ ደግማ መርጣ አታውቅም፣ ሃረልም ያንን ልማድ አልሰበሩትም።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለቤትና ለኪራይ አራት፣ ለአውቶቡስ አራት፣ ለትናንሽ ንግዶች ሦስት፣ ለባሕሩ ሁለት። ቫውቸሬን ስለሰጠሁ አልጸጸትም። ኪራይ ለሚከፍልና በቁጥር 7 አውቶቡስ ሬኒየርን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ጥሩ ግዢ ነበረች። ምግብ ቤት ያላችሁ የደመወዝ ሠንጠረዣችሁን ጎን አድርጋችሁ አንብቧት። ሳውዝ ፓርክ የምትኖሩ ደግሞ ለክረምቱ ምድር ቤት ያለውን ዕቃ መደርደሪያ ላይ ስቀሉት፣ የአሸዋ ጆንያም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።