«አይፒ 65» የተለጠፈበትን የኢንቨርተር ሳጥን ክዳኑን ሳታስከፍቱ አትግዙ

ይህን የምጽፈው የሶላር ፓምፕ ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለፓምፑ እንዲስማማ የሚቀይረውን ዕቃ፣ ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። በተለይ እንደኔ በመቂና በባቱ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምታለሙ። 96 ሺህ ብር ከስሬበታለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲከስርበት አልፈልግም።

የገዛሁት 4 ኪሎዋት ኢንቨርተር ግራጫ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ የሚሸጥ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ አለው። ፊቱ ላይ «አይፒ 65» የሚል፣ አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃውን የሚናገር ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩ ሳጥኑን በቡጢ እየመታ «ይሄ እኮ የወታደር ዕቃ ነው፣ ከመኪና ላይ ቢወድቅ እንኳን አይነካም» አለኝ። ክዳኑ ይከፈትልኝና ውስጡን ልየው ስለው ደግሞ «ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል» አለ። ጥዬ መውጣት የነበረብኝ ያኔ ነው።

በአይሱዙ አስጭኜ ወሰድኩት። ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ኮረኮንች ነው። ስናወርደው ሳጥኑ ዘንበል ሲል ከውስጥ «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለሻጩ ደወልኩለት። «ችግር የለውም፣ ይሰራል» አለኝ። እውነትም ሰራ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ቀጥ ማለት ጀመረ። አሥር ሰዓት ገደማ ሲበርድለት ራሱ ይነሳል። ሶላር ፓምፕ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፓምፑ ብዙ ውሃ የሚሰጠው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ የእኔው የሚቆመው በዚያችው ሰዓት ሆነ። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ በጀመረበት ወቅት ጠዋትና ማታ በምትመጣ ቀጭን ውሃ ከቦይ ቦይ ስሯሯጥ ከረምኩ። በሰባተኛው ሳምንት ጭራሽ ተቃጠለ።

የአክስቴ ልጅ የሞባይል ማማ ላይ የጥገና ሥራ ይሰራል። መጥቶ ከፈተልኝ። መጀመሪያ ከፓኔሉ የሚመጣውን መስመር አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል አስጠበቀኝ። ካፓሲተሮቹ ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፣ ከፓኔሎቹ የሚመጣውም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። እባካችሁ ማንም ዝም ብሎ እጁን እንዳይከት።

ውስጡን ሳይ ተናደድኩ። ዋናው የኃይል ሞጁል (ኤሌክትሪኩን የሚቀይረውና የሚግለው ክፍል) ከአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው ጋር የሚታሰርበት አራት ቀዳዳ አለው። የታሰረው ግን በሁለት ቡሎን ብቻ ነበር። ከሁለቱም አንዱ ላልቶ ወጥቶ ሳጥኑ ሥር ወድቋል። ያ «ኳ» ያለው እሱ ነው። እንዳይላላ የሚይዝ ራንዴላ የለው፣ ሙጫ የለው። በሞጁሉና በአሉሚኒየሙ መሃል መቀባት ያለበት ነጭ ቅባት ጠብታም የለም። መቆጣጠሪያ ካርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) የተያዘው በትኩስ ሙጫ ነው፤ ሙጫው በሙቀቱ ለስልሶ ካርዱ ተንጋዷል።

«ጋሼ፣ ቡሎን የሚጠብቀው ዕቃው እንዳይወድቅ ብቻ አይደለም» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ሙቀቱም የሚያልፈው ሁለቱ ብረቶች ግጥም ብለው ሲነካኩ ነው። መሃላቸው አየር ከገባ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል።» አየር ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ የላላ ቡሎን ማለት የቆመ ፓምፕ ማለት ነው።

ሻጩ ስሙን የጠራው የወታደር ዕቃ አሠራሩ ሌላ ነው። በጦር ተሽከርካሪና በአውሮፕላን ውስጥ የሚገቡ ብዙ ካርዶች በሁለት ጠርዛቸው ሽብልቅ መሰል መቆለፊያ አላቸው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሽብልቆቹ እርስ በርስ ተንሸራተው ይሰፋሉ፤ የካርዱን ጠርዝ ከሳጥኑ የአሉሚኒየም ግድግዳ ጋር ጠፍረው ይይዙታል። ካርዱ በንዝረት አይነቃነቅም፣ ሙቀቱም በዚያው ንክኪ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። አንድ ቡሎን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሞባይል ማማ ላይ ያሉትን የሬዲዮ ሳጥኖች ቀና ብላችሁ እዩ። ጀርባቸው እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ አሉሚኒየም ነው። ዝግ ናቸው፣ ሙቀቱ ግን መውጫ አለው።

አሁን ስለ ቢጫው ወረቀት። 6 ማለት አቧራ አይገባም፣ 5 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። ስለ ሙቀት ምንም አይናገርም። የእኔው ኢንቨርተር የራሱ ደረጃ አይፒ 20 ነበር፤ ማለትም ከዝናብና ከአቧራ በተጠለለ ቤት ውስጥ አየር እያገኘ እንዲሠራ የተሠራ ነው። እሱን አፍነው ዘጉበት። ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ኢንቨርተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ 5 በመቶው ሙቀት ከሆነ 200 ዋት ይሆናል። ሳጥኑ 60 በ40 በ20 ሴንቲሜትር ነው። ጀርባው ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ሙቀት የሚያወጣው ገጽ 0.64 ካሬ ሜትር ነው። ቀለም የተቀባ ላሜራ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 5.5 ዋት ያህል ያወጣል። ስለዚህ ውስጡ ከውጪው 57 ዲግሪ ይበልጣል። ውጪው 30 ቢሆን ውስጡ 87 ነው፤ ያውም ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት። ካፓሲተር ደግሞ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። «ስለከፈታችሁት ዋስትና የለውም» አለኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ኢንቨርተር 1» ብቻ ነው፤ አይፒ 65 የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በአፍ የተባለውን ሁሉ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ክዳኑን አስከፍቱ። የማቀዝቀዣው ክንፍ (ያ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀው አሉሚኒየም) ወደ ውጪ መውጣቱን፣ ቀዳዳው ሁሉ ቡሎን እንዳለው፣ ካርዱ በሙጫ አለመያዙን በዓይናችሁ እዩ። እምቢ ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

አሁን የገዛሁት ክንፉ ውጪ የሆነ ነው። ከፓኔሎቹ ሥር ጥላ ውስጥ፣ ከላይም ከታችም አየር እንዲያገኝ አድርገን ሰቀልነው። ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆሜ አየሁት፤ ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ እየወረደ ነበር።

ግራጫውን ሳጥን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ እስኪቃጠል አትጠብቁ። መስመሩን አጥፍቶ፣ ጠብቆ የሚከፍት ባለሙያ ጠርታችሁ ቡሎኖቹን አስቆጥሩ።