መጀመሪያ ትሪገሩን ምረጡ፦ 14 ወር ከጎዶክስ ኤዲ200 ፕሮ ጋር

ጾሙ ገብቶ ሠርጉ ስለቀዘቀዘ፣ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። ይህን ፍላሽ የያዝኩት ታኅሣሥ 2017 ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት የጥር ወቅትና አንድ የፋሲካ ማግስት ወቅት ሠርቼበታለሁ። ሠርግ፣ መልስ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፤ ያልወጣበት ቦታ የለም።

ብዙ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ጉልበቱ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን ከትሪገሩ እጀምራለሁ፤ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት «ብራ» ብሎ ከሚያዘው ዕቃ ማለቴ ነው። በፊት ሁለት ትናንሽ ፍላሾችና አንድ ርካሽ ትሪገር ነበሩኝ። አንድ ቀን ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያጠልቁ ትሪገሩ ዝም አለ። ሦስት ፎቶ ጨለመብኝ። ቀለበት ደግሞ ሁለቴ አይጠለቅም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያን ዕቃም ከዚያ ወዲያ ለሥራ ይዤው አልወጣሁም።

ስለዚህ ፍላሽ ልትገዙ ስታስቡ፣ መጀመሪያ የምትመርጡት ትሪገሩን ይሁን። ትሪገር ማለት የፍላሾቻችሁ ቋንቋ ማለት ነው። ዛሬ አንዱን ከያዛችሁ፣ ነገ የምትጨምሩት ፍላሽ ሁሉ ያንኑ ቋንቋ መስማት አለበት። የጎዶክስ ትሪገር በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ነው የሚሠራው። በዚያው በአንዱ ትሪገር የጎዶክስን ፍላሾች፣ ትንሿን ቲቲ600ም፣ ኤዲ200ንም፣ ትልቁን ኤዲ600ም ማዘዝ ይቻላል። የኔ ካሜራ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ነው። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ኒከን ይዟል። እሱ የገዛው ለኒከን የሚሆነውን የጎዶክስ ትሪገር ብቻ ነው፤ ፍላሹን እንዳለ እንዋዋሰዋለን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሁን ከተማው ውስጥ ይህን ዕቃ የያዘ ብዙ ነው። ባለፈው ጥር አንድ አዳራሽ ውስጥ የሙሽራው ወገን ሌላ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። እኔ ሳልተኩስ የኔ ፍላሽ ይበራል። እሱ በተኮሰ ቁጥር ባትሪዬ ይበላል። ሁለታችንም ቻናል 1 ላይ ነበርን። ሄጄ «ወንድሜ፣ አንተ ቻናል 1 ላይ ሁን፣ እኔ ልቀይር» አልኩት፤ በግማሽ ደቂቃ አለቀ። አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቻናሉንም መለያ ቁጥሩንም እቀይራለሁ። ይህን ትሪገሩም ላይ፣ ፍላሹም ላይ ነው የምታደርጉት።

ወደ ጉልበቱ ልምጣ። ኤዲ200 ፕሮ 200 ዋት ሰከንድ ነው። ካሜራ ላይ ከሚሰካው ተራ ፍላሽ ጋር ሳወዳድረው የሦስቱን ያህል አየዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ይተርፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ 1/8 ወይም 1/16 ላይ ነው የምሠራው። ችግሩ ቀትር ላይ ነው። የአዲስ አበባን የ6 ሰዓት ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ከአናት ትወርድና ዓይንን ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች። እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። የካሜራዬ ማመሳሰያ ፍጥነት፣ ማለትም ከፍላሽ ጋር አብሮ የሚሄደው ትልቁ የመዝጊያ ፍጥነት፣ 1/200 ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፍኩ የፎቶው አንድ ጎን ይጠቁራል፤ የመዝጊያው ሁለተኛ መጋረጃ ፍላሹ ሲበራ መዝጋት ጀምሯላ። ስለዚህ በአይኤስኦ 100 እና በ1/200 ሠማዩን ለመያዝ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 11 አካባቢ ማጥበብ አለብኝ። እዚያ ላይ ፍላሹ በሙሉ ጉልበቱ ሁለት ሙሽሮችን ከቅርብ ያበራልኛል። አሥራ አምስት ሰው ያለበትን የቤተሰብ ፎቶ ግን አይችልም። ለእሱ ጥላ እፈልጋለሁ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር አስገባቸዋለሁ።

«ሃይ ስፒድ ሲንክ አለው አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለው፤ ከማመሳሰያው ፍጥነት አልፎ እስከ 1/8000 ሰከንድ ድረስ ይሠራል። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ስትገቡ ፍላሹ አንዴ መብረቁን ትቶ በተከታታይ ይቆራርጠዋል፤ ጉልበቱ በብዙ ይወርዳል። ከጀርባ ያለውን ለማደብዘዝ አፐርቸሬን በሰፊው መክፈት ስፈልግ እጠቀምበታለሁ። ፀሐይን ለማሸነፍ ግን አልመካበትም።

አሁን ወደምወደው ክፍል። የኛ ሠርግ ላይ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ነው የሚቀርበው። ፍላሹን በራሱ እንዲለካ ከተዋችሁት ነጠላውንና ቀሚሱን ያይና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የሙሽሪት ፊት ይጨልማል። እኔ በእጅ ነው የማስተካክለው፣ ከፊቷ ተነስቼ። ከዚያ ሶፍትቦክሱን (ፍላሹ የሚገባበትን፣ ብርሃኑን የሚያለዝብ የጨርቅ ሳጥን) ትንሽ ከፍ አድርጌ የብርሃኑን መሀል ከፊቷ አሳልፈዋለሁ፤ ጠርዙ ብቻ ይነካታል። ቀሚሱ ያኔ ከልክ በላይ ነጥቶ አይጠፋም፣ ጥልፉ ይታያል። ላብ ያበራውን ግንባር ደግሞ የሚያለዝበው የብርሃኑ ስፋትና ቅርበት ነው። 90 ሴንቲሜትር የምታህል ሶፍትቦክስ አንድ ሜትር ላይ ስትቆም፣ ጠይም ቆዳ ላይ የምትጥለው ብርሃን እንደ መስኮት ብርሃን ነው። ይህን ውጤት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንዲት የሙሽሪት እናት «ልጄ፣ ይሄ መብራት ዓይናችንን አያጠፋም?» አሉኝ። «አይ እማዬ፣ እንዳይወጋዎት ብዬ እኮ ነው በጨርቅ የሸፈንኩት» አልኳቸው። ፎቶውን ካሜራው ላይ ሳሳያቸው ተቀምጠው የነበሩትን እህታቸውንም ጠርተው አሳዩ።

ለብዙ ሰው ግን መብራቱ ይራቅ። አንድ ሜትር ላይ ካቆማችሁት፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለው ሰው የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው። አራት ሜትር ላይ ስታቆሙት፣ አንድ ሜትር ከኋላ ያለው ሰው ከ60 በመቶ በላይ ያገኛል። የሚዜዎቹ ፊት እኩል የሚሆነው እንዲህ ነው።

ፍላሹ ብርሃኑ ከሚወጣባቸው ሁለት ተቀያያሪ ጭንቅላቶች ጋር ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋውን ብዙም አልነካውም። አምፖሉ የወጣውን ሶፍትቦክስ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ዙሪያውን እኩል ይሞላዋል። ያው ብርጭቆ ነው። እንጦጦ ላይ ነፋስ ሶፍትቦክሱን እንደ ሸራ ነፋውና ከነስታንዱ መሬት ላይ ጣለው። አምፖሉ ተሰበረ። ስታንዱን ምንም ሳላስርበት ነው የተውኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለ 2 ሊትር ሦስት ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ በጠንካራ ከረጢት ከስታንዱ እግር ላይ አንጠለጥላለሁ። ስድስት ኪሎ ማለት ነው። ለስታንድ ገንዘብ አትሰስቱ፤ ቀጭኑን ርካሹን ተዉት።

ባትሪው 14.4 ቮልትና 2900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ፋብሪካው በሙሉ ጉልበት 500 ጊዜ ይላል። እኔ በ1/8 ስለምሠራ አንድ ባትሪ ሠርጉን ይዞልኝ ይውላል። ቢሆንም መብራት ይጠፋልና የምሞላው ከዋዜማው በፊት ባለው ሌሊት ነው፣ በዋዜማው አይደለም። በአውሮፕላን ለምታስመጡም፣ ባትሪው ትንሽ ነው፣ 42 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በእጅ ሻንጣ ይገባል። መለዋወጫ ባትሪውን ግን በጭነት ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፤ አይፈቀድም።

ለመልስ ማታ አንድ ቲቲ600 ጨምሬያለሁ። አራት ትንንሽ (AA) የባትሪ ድንጋይ ነው የሚበላው። እሱን ከሙሽሮቹ ኋላ አቆመዋለሁ፤ የካባውን ጥልፍና የፀጉሩን ጠርዝ ያወጣልኛል። ከዳግማ ትንሣኤ በፊት ሁለተኛ ኤዲ200 ልይዝ አስቤያለሁ። ለዚያ የጎደለኝ ፍላሹ ብቻ ነው፤ ትሪገሩ ቀድሞ አለ።