የኦክ ሣጥን ስትገዙ የቅርጻ ቅርጹ ብዛት አያታልላችሁ

እንግሊዝ አገር ያሉ ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ አሮጌ የኦክ (የጠንካራ እንጨት ዓይነት ነው) ሣጥን ልንገዛ ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ይሻላል ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተቀረጸው? እኔ የ17ኛው ክፍለ ዘመኑን ግዙ ነው የምለው፣ ክዳኑ የተቀየረ እንኳ ቢሆን።

መጀመሪያ ዋጋ። ጨረታው በ300 ፓውንድ ቢዘጋ 300 ከፍላችሁ አትወጡም። ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው ኮሚሽን 25 በመቶ ከሆነ 75 ይጨመራል፤ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ቫት ሌላ 15። 390 ገባ። ማጓጓዣው ገና ነው። ያው ሣጥን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ እጥፍ ሊጠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ጠቆር ያለ የድሮ ዕቃ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ስለወረደ፣ እውነተኛው በአዲስ ቁም ሣጥን ዋጋ ይገኛል። ታዲያ ለምን አስመስሎ ለተሠራ ገንዘብ ይወጣል?

የቪክቶሪያዎቹ ዐይን ይስባሉ፤ ፊታቸው በቅርጻ ቅርጽ ተሞልቶ ባዶ ቦታ የለውም። ግን አንዳንዶቹ ቅርጻ ቅርጽ የሌላቸው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሣጥኖች ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ሲሆን ነው ፊታቸው የተፈለፈለው። አንዱ ጓደኛዬ «1642» የተቀረጸበትን በደስታ ገዛ። እንጨት በል ትል የሚቦረቡረው ከውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ የሚታየው ክብ መውጫ ቀዳዳው ብቻ ነው። በጓደኛዬ ሣጥን ላይ ግን ቁጥሩ ውስጥ ቦይ የመሰለ የትል መንገድ ተከፍቶ ይታያል። መሮው የመጣው ከትሉ በኋላ ነው ማለት ነው። ያንን ዓመት ያመነ ሰው የከፈለው ትርፍ አይመለስም።

የፊቱን ተዉትና ክዳኑን ክፈቱ። በእውነተኛው ውስጡና ጀርባው ሻካራ ነው፣ ማንም አላለሰለሰውም። መጋጠሚያዎቹን የያዙት በእጅ የተጠረቡ የእንጨት ችንካሮች ፍጹም ክብ አይደሉም። ውስጡ በአንድ ጎን ሻማ የሚቀመጥበት ትንሽ ሣጥን፣ ወይም የነበረበት ቦይ ይኖራል።

ጥገናው ላይ ተጠንቀቁ። የፊት ሳንቃዎቹ ያለ ኮላ፣ ልቅ ሆነው ነው የተቀመጡት፤ ማሞቂያ ሲበራ ይኮማተራሉ። የኔን አንድ ጠጋኝ 180 ፓውንድ ተቀብሎ በኮላ አጣበቀው። ብርዱ መጥቶ ማሞቂያው ሲበራ ሳንቃው እንደልቡ መኮማተር አቅቶት መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። እግሩ በእርጥብ የድንጋይ ወለል በስብሶ ከተቀጠለ ግን አትሽሹ፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ቀዳዳው ሥር ትኩስ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ትሉ በሕይወት አለ፤ የመድኃኒቱንም ወጪ ቀንሱ።

የቪክቶሪያውን እኔ የምገዛው ለብርድ ልብስ ማስቀመጫ ብቻ ነው፤ እሱም ኮሚሽኑ ተጨምሮ ከ120 ፓውንድ ካላለፈ።